የሰውነት ልክን አጠጋግቶ ትክክለኛውን የልብስ ቁጥር መምረጥ፦ ከሜትሩ እስከ ሠንጠረዡ

«ወገብሽ ስንት ነው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትመልሰው ድፍን ቁጥር ነው፤ ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ። ሰውነት ግን በድፍን ቁጥር አይገኝም። ሜትሩ 74.6 ላይ ወይም 81.3 ላይ ያርፋል። ሱቅ ውስጥ ያለው ደግሞ 38፣ 40፣ 42፣ ወይም ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ማጠጋጋት ግድ ይላል።

ጥያቄው ማን፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ወገን ያጠጋጋ የሚለው ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አንድ ሰው ያጠጋጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም መጨረሻ ላይ፣ ጨርቁንና የልብሱን ዓይነት ካወቀ በኋላ። ዋሽንግተን ያለች ሴት ልኳን ወደ ሽሮ ሜዳ ስትልክ የለካቻት ጓደኛዋ «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብላ 2 ሴንቲ ትጨምራለች። መልእክቱን የምታደርሰው ዘመድ «እስኪደርስ ሳትወፍር አትቀርም» ብላ ሌላ ትጨምራለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ እንደ ሙያው የመተንፈሻውን፣ ማለትም ሰውነት እንዲንቀሳቀስ የሚተወውን ትርፍ ስፋት፣ ይጨምራል። ሦስቱም ያሰቡት ለደግ ነው፤ ቀሚሱ ግን የሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

አንደኛ፦ ሜትሩን ፈትሹ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከአገልግሎት ብዛት ይለጠጣል፤ ርካሹ ደግሞ ከመጀመሪያው ተሳስቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ የኤፎር ወረቀት ውሰዱ፤ ረጅሙ ጎኑ 29.7 ሴንቲ ሜትር፣ አጭሩ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ሜትሩን ሳትስቡ በረጅሙ ጎን ላይ ዘርጉት። 29.2 ካነበበ ሜትሩ ተለጥጧል ማለት ነው፤ በዚህ ሜትር 90 ሴንቲ የሆነ ደረት 88.5 ሆኖ ይነበባል። አንድ ሴንቲ ተኩል ከአንድ የልብስ ቁጥር ወደ ሌላው ለመሻገር ይበቃል።

ዜሮው የት እንደሚጀምርም እዩ። በአንዳንዱ ሜትር ከቆርቆሮው ጫፍ ይጀምራል፣ በሌላው ቆርቆሮው ካለቀ በኋላ። ሜትሩ ወገብ ላይ ሲዞር ተገልብጦ የኢንቹ ፊት እንዳይመጣም ተጠንቀቁ። ሜትር ከሌለ የማይለጠጥ ክር ወይም ቀጭን ሲባጎ ይሠራል፤ ክሩን በሰውነት ላይ አዙራችሁ የተገናኘበትን ቦታ በስክሪብቶ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩት። የሹራብ ክር አይሆንም፣ ይለጠጣል።

ሁለተኛ፦ ሳታጠጋጉ ለኩ

ቢቻል ሌላ ሰው ይለካችሁ፤ በራስ እጅ ከጀርባ በኩል ሜትሩን አግድም ማቆየት ያስቸግራል። በውስጥ ልብስ ወይም በስስ ቲሸርት ላይ ለኩ። ቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሱ። ሆድ ሸምቆ መለካት ዋጋ የለውም፤ ልብሱን ለብሶ ቁጭ የሚለው ያልተሸመቀው ሆድ ነው። ሜትሩ ሰውነትን ይንካ፣ ቆዳ ውስጥ ግን አይስመጥ።

ደረት የሚለካው በጣም ሙሉ በሆነው ቦታ ላይ ነው፣ ሜትሩ ከጀርባ ሳይወርድ። ወገብ የሱሪ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ ወደ ጎን ዘንበል ስትሉ ሰውነት የሚታጠፍበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት ከፍ ብሎ ያለው ቦታ ነው። ቦታውን ካገኛችሁ ክር እሰሩበትና እስክትጨርሱ አትፍቱት፤ ሌሎቹን ቁመቶች የምትለኩት ከዚያ ክር ነው። ዳሌ መቀመጫው ጎልቶ በሚወጣበት፣ ከወገብ ወደ 20 ሴንቲ ያህል ዝቅ ብሎ ነው። ትከሻ በጀርባ በኩል ከአንዱ የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ሌላው። እጅጌ ከትከሻ አጥንት ተነስቶ፣ ክርን ትንሽ ታጥፎ፣ እስከ እጅ አንጓ። የውስጥ እግር ከብሽሽት እስከ ወለል፣ ያለ ጫማ።

እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ለኩ። ሁለቱ ከ1 ሴንቲ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ለኩና የመካከለኛውን ውሰዱ። ያነበባችሁትንም እስከ ነጥቡ ጻፉ፦ 74.6 ከሆነ 74.6። «ሰውነት በቀን ውስጥ ራሱ ይለዋወጣል፣ ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ከምሳ በኋላ ወገብ ከማለዳው ይሰፋል። ነጥቡን መያዝ የሚጠቅመው ቀጥሎ ለሚመጣው ስሌት ነው።

ሦስተኛ፦ ከሴንቲ ወደ ኢንች ስትሻገሩ

አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ሱቆች በኢንች፣ የአውሮፓና የቻይና በሴንቲ ስለሚሠሩ መሻገሩ አይቀርም። ሁለት ጊዜ ማጠጋጋት የሚያመጣውን ጣጣ እዚህ ላይ በቁጥር ማየት ይቻላል።

ወገብ 74.6 ሴንቲ ነው እንበል። ለ2.54 ሲካፈል 29.37 ኢንች ይሆናል፤ ወደ ቅርቡ ስናጠጋው 29። አሁን ደግሞ ለኪው አስቀድሞ 75 ብሎ ጽፎት ቢሆን፦ 75 ለ2.54 ሲካፈል 29.53፣ ይህም ሲጠጋጋ 30። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ወገብ፣ አንድ ጊዜ 29፣ ሌላ ጊዜ 30 ሆነ። ማንም አልተሳሳተም፤ የተጠጋጋው ግን ሁለት ጊዜ ነው።

በጠፍጣፋ የሚለካ ልብስም እንዲሁ ነው። የሚመቻችሁን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከብብት እስከ ብብት ብትለኩ 51.4 ቢሆን፣ ዙሪያው 102.8 ነው፤ ወደ 103 ይጠጋል። አስቀድማችሁ 51 ካላችሁት ግን 102 ይሆናል። እጥፍ ስታደርጉ ስሕተቱም እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያ አባዙ፣ አካፍሉ፣ ደምሩ፤ ከዚያ አጠጋጉ።

አራተኛ፦ ሠንጠረዡ የማንን ልክ ነው የሚናገረው?

ሁለት ዓይነት ሠንጠረዥ አለ። አንደኛው የሰውነት ልክ ነው፤ «ደረቷ 92 የሆነች 40 ትልበስ» ይላል። መተንፈሻው አስቀድሞ ልብሱ ላይ ተጨምሯል፣ እናንተ ምንም አትጨምሩም። ሁለተኛው የልብሱ ልክ ነው፤ ልብሱ ራሱ ሲለካ 98 ነው ይላል። እዚህ ላይ የራሳችሁን 92 ይዛችሁ 92 የሚለውን ካዘዛችሁ ዚፑ አይዘጋም። መለያው ይህ ነው፦ ሠንጠረዡ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌና የልብሱን ቁመት ከዘረዘረ አብዛኛውን ጊዜ የልብስ ልክ ነው። ደረት 49 ወይም 51 የሚል ካያችሁ ደግሞ በጠፍጣፋ የተለካ ግማሽ ነው፤ እጥፍ አድርጉት።

ለማይለጠጥ ጨርቅ ከሰውነት ልክ በላይ ደረት ላይ 5 ሴንቲ፣ ወገብ ላይ 2 ወይም 3፣ ዳሌ ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ትርፍ ከሌለ መቀመጥም እጅ ማንሳትም ያስቸግራል። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ሸሚዝና ኮት ከዚህ የበለጠ ይይዛሉ።

የታተመው ቁጥር ራሱ ተጠጋግቶ የመጣ መሆኑንም አትርሱ። በጀርመን አቆጣጠር 38 ቁጥር ደረቱ 88 ነው ሲባል ከ86 እስከ 90 ያለችውን ሁሉ ያቅፋል። መርካቶ ውስጥ ከቻይና በመጣ ልብስ አንገትጌ ላይ 165/88 የሚል ቁጥርና ከጎኑ «ኤ» የሚል የላቲን ፊደል ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው የዕቃ ቁጥር ይመስለዋል። 165 የሰውየው ቁመት፣ 88 ደረቱ ነው፤ ሱሪ ወይም ጉርድ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር ወገብ ነው። ፊደሉ በደረትና በወገብ መካከል ያለውን ልዩነት ይነግራል፤ በሴቶች ልብስ «ኤ» ማለት ልዩነቱ ከ14 እስከ 18 ሴንቲ ነው። 165 የሚለው ከ163 እስከ 167 ላለ ቁመት ነው። እኔ ከስሞልና ከላርጅ ይልቅ ይህን ጽሑፍ አምናለሁ፣ ምክንያቱም በግልጽ ሴንቲ ይናገራል።

ባዶ ቁጥር ግን ከአገር አገር ይለያያል። የጀርመን 36፣ የፈረንሳይ 38 እና የጣሊያን 42 አንድ ናቸው። ስለዚህ ፍራንክፈርት ያለች እህት «እኔ 38 ነኝ» ብትል ፓሪስ ላለችው ያ 40 ነው። ለሰው ልብስ ስትገዙ «ስንት ቁጥር ትለብሻለሽ?» አትበሉ፤ በሴንቲ ስጪኝ በሉ።

አምስተኛ፦ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች?

ዋናው ነገር ይህ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው ማጠጋጋት ከግማሽ በላይ ወደ ላይ፣ ከግማሽ በታች ወደ ታች ይላል። ልብስ በዚህ ሕግ አይገዛም። ሦስት ነገር ጠይቁ።

መጀመሪያ፣ ልብሱን የሚሸከመው የትኛው የሰውነት ክፍል ነው? ለቀሚስ ደረት፣ ለኮት ትከሻና ደረት፣ ለጠባብ ጉርድና ለሱሪ ዳሌ፣ ለሸሚዝ አንገት ይቀድማል። በዚያ ልክ ምረጡ፤ ሌላውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። ቀጥሎ፣ ጨርቁ ይለጠጣል? ከጎን በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳቡት፤ ምንም የማይል ከሆነ ወደ ላይ፣ እንደ ሹራብና ቲሸርት የሚለጠጥ ከሆነ ወደ ታች ብትሉ አይጎዳም። ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ይስተካከላል? የፋብሪካ ልብስ በስፌቱ ውስጥ የሚተወው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ያህል ነው። ስለዚህ ማጥበብ ይቻላል፣ ማስፋት ግን ከየት መጥቶ? ትከሻ ደግሞ ለማጥበብም ከባድ ነው፤ እጅጌው ሁሉ ተፈቶ እንደገና መሰፋት አለበት።

በአንድ ሰው ላይ እንየው። ሠንጠረዡ 38 ደረት 88፣ ወገብ 72፣ ዳሌ 97፤ 40 ደረት 92፣ ወገብ 76፣ ዳሌ 100፤ 42 ደረት 96፣ ወገብ 80፣ ዳሌ 103 ይላል እንበል። የሴትዮዋ ልክ ደረት 90፣ ወገብ 73.4፣ ዳሌ 101.2 ነው። ማለትም ደረቷ በ38 እና በ40 መካከል እኩል ላይ፣ ወገቧ ወደ 38 የቀረበ፣ ዳሌዋ ከ40 ያለፈ።

ከወገብ በታች የሚሰፋ የማይለጠጥ ቀሚስ ከሆነ ዳሌው ከጨዋታ ውጭ ነው። ደረት ይወስናል፤ ጨርቁ ስለማይለጠጥ 40 ትወስዳለች፣ ወገቡን ደግሞ 2.6 ሴንቲ ታስጠብባለች። ያው ሞዴል በቲሸርት ጨርቅ ቢሠራ 38 ይበቃታል። ጠባብ ጉርድ ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። 101.2 በትምህርት ቤቱ ሕግ ለ40 ይቀርባል፤ የማይለጠጥ ጠባብ ጉርድ ግን ስትቀመጥ መስመር እየሠራ ወደ ላይ ይሸሻል። 42 ብትወስድ ወገቡ ላይ 6.6 ሴንቲ መጥበብ አለበት፤ ይህም በአንድ ስፌት የሚሆን አይደለም፣ ከኋላም ከጎንም መወሰድ አለበት። የእኔ ምርጫ ላስቲክነት ያለው ጨርቅ ፈልጋ 40 እንድትገዛ ነው፤ ካልተገኘ 42 ወስዳ ለጥሩ ልብስ ሰፊ ትስጥ። ከሁሉ የከፋው 38 ወስዶ «እቀንሳለሁ» ማለት ነው። ልብስ የሚገዛው ለዛሬው ሰውነት ነው።

የጡት መያዣ ብቻ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከጡት ሥር የተለካው ዙሪያ ወደ ቅርቡ 5 ይጠጋጋል፤ ከ73 እስከ 77 ያለው 75 ነው። ላስቲኩ ልዩነቱን ስለሚሸከም ወደ ላይ መጨመር መደገፊያውን ማላላት ነው።

ለወንዶችና ለልጆች

የወንድ ኮት ቁጥር በአውሮፓ የደረት ግማሽ ነው፤ 50 ማለት 100 ሴንቲ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ደግሞ ደረቱ በኢንች ነው፤ 40 ማለት 40 ኢንች፣ ማለትም 101.6 ሴንቲ። ከአውሮፓው ቁጥር 10 ቀንሱ፣ የአሜሪካውን ታገኛላችሁ። ደረቱ 97 የሆነ ሰው ግማሹ 48.5 ነው፤ ለ48 ይቀርባል። ትከሻው ሰፊ ከሆነ ግን 50 ወስዶ ወገቡን ያስጠብብ።

የሸሚዝ አንገት ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። አንገት 38.6 ከሆነ 1 ሴንቲ ጨምሩ፣ 39.6፤ ስለዚህ 40። ኮሌታ አይሰፋም፣ በዚያ ላይ ሲታጠብ ትንሽ ይሰበሰባል። ሱሪ 32 ሲል 81.3 ሴንቲ ማለት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሱሪው ሲለካ ከተጻፈበት ይሰፋል። ስለዚህ የሚመቻችሁን ሱሪ በጠፍጣፋ ለክታችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ሰልባጅ ስትገዙ፣ ለብሶ መሞከሪያ በሌለበት ቦታ፣ ከዚህ የተሻለ ረዳት የለም። ቁመቱ ከረዘመ ይቆረጣል፣ ከአጠረ ግን መፍትሔ የለውም፤ ወደ ላይ ሂዱ።

የልጆች ልብስ በአውሮፓ በቁመት ነው የሚቆጠረው፦ 98፣ 104፣ 110፣ 116፣ በ6 ሴንቲ እያደገ። 110 ማለት እስከ 110 ድረስ ላለ ልጅ ነው። ቁመቱ 109 የሆነ ልጅ ለ110 ይበቃል፣ ግን ለስንት ጊዜ? ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅ በዓመት ወደ 6 ሴንቲ ያህል ያድጋል። አንድ የልብስ ቁጥር አንድ ዓመት ማለት ነው። ከውጭ ገዝታችሁ በሰው እጅ ለእንቁጣጣሽ የምትልኩ ከሆነ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ የሚቆይበትን ወራት ቆጥራችሁ 116 ግዙ።

ሽሮ ሜዳ ለሚሰፋ ቀሚስ ልክ መላክ

እዚህ ላይ ቁጥር መምረጥ የለም፤ ቀሚሱ ለአንድ ሰው ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ላኪዋ ጨርሶ አታጠጋጋ። የሸማኔ ጨርቅ አይለጠጥም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሳሳ ያለ ሽመና ስለሆነ ጠበብ ብሎ ከተሰፋ በስፌቱ ዙሪያ ክሩ እየሸሸ ይከፈታል። የመተንፈሻውን መጠን የሚያውቀው ጨርቁን በእጁ የያዘው ሰፊ ነው።

ቁመቱ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ከታች ጠርዙ ላይ ነው። ሌላ ቀሚስ ቢረዝም ከታች ይታጠፋል፤ ይህኛው ግን ከታች ሲታጠፍ ወይም ሲቆረጥ ጥለቱ አብሮ ይሄዳል፣ የመስቀሉም ሥራ ይጎዳል። ማሳጠር የሚቻለው ወገቡ ላይ ስፌት ካለው ከዚያ ተፈቶ ነው። ስለዚህ «ይረዝም ይሻላል» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ቁመቱን ከአንገት ሥር፣ በደረት ላይ አሳልፋችሁ፣ እስከምትፈልጉት ቦታ ድረስ ለኩ፤ በዕለቱ የምትጫሙትን ጫማ አድርጋችሁ። ጨርቁ ይታጠባል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ 140 ሴንቲ የሆነ ቀሚስ 3 በመቶ ቢሰበሰብ ከ4 ሴንቲ በላይ ያጥራል።

መልእክቱ እንዲህ ቢጻፍ ሰፊው የሚጠይቀው ነገር አይኖርም፦

«ጤና ይስጥልኝ። ይህ የሰውነት ልክ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም፤ መተንፈሻውን እርስዎ ይጨምሩ። ሁሉም በሴንቲ ነው። ደረት 93.4፣ ከጡት ሥር 79.8፣ ወገብ 74.6፣ ዳሌ 101.2፣ ትከሻ 38.5፣ እጅጌ 57፣ የክንድ ዙሪያ 30.2፣ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ 42.5፣ ከአንገት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት 139፣ በ5 ሴንቲ ተረከዝ ጫማ። የተለካው ጥር 12 ጠዋት ነው። በጎን ስፌቱ ውስጥ ጨርቅ ይተዉልኝ።»

ቀኑን መጻፍ የሚያስፈልገው በምክንያት ነው። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ሰርግ ልክ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፤ 55 ቀን የጾመች ሙሽራ ደግሞ ያው ሴት በተመሳሳይ ልክ ላትገኝ ትችላለች። ጊዜ ካለ ጾሙ ሲጋመስ ወገብና ደረትን እንደገና ለክታችሁ ላኩ፤ ልዩነቱ ከ2 ሴንቲ በላይ ከሆነ ሳይቆረጥ ይድረስ።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር፣ በጎን ስፌት የሚቀረው ጨርቅ፣ ለሁሉም ዋስትና ናት። ቀሚሱ ሁለት የጎን ስፌት አለው፣ እያንዳንዱም የፊትና የኋላ ሁለት ጠርዝ። ሰፊው በየጠርዙ 2 ሴንቲ ተጨማሪ ቢተው አራቱ ተደምረው 8 ሴንቲ ይሆናሉ፤ ቀሚሱ ደርሶ ቢጠብ እዚያው ያላችሁበት አገር የሚገኝ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ፈትቶ ያሰፋዋል።